ለሐናን ያልመለስሁት ጥያቄ

ጡረታ በወጣሁበት ዓመት ክረምቱ ሲገባ፣ ታናሽ ወንድሜ እንድሪስ ከጁምዓ ሶላት መልስ ቤቴ መጣ። እንድሪስ እንደ አባታችን በጣና ላይ ዓሣ አጥማጅ ነው። ደስ ያለው ቀን አረማመዱ ይለያል፤ ያን ቀን የግቢውን በር እንኳ ሳይዘጋው ነው የገባው።

«እትዬ ከድጃ፣ ሐናን ነርስነት ደረሳት!» አለኝ ገና ሳይቀመጥ። «እንዳንቺ ልትሆን ነው። ዱዓ አድርጊላት።»

ሐናን የመጨረሻ ልጁ ናት። እኔ ልጅ አልወለድሁም፤ ባሌም ከሞተ ቆይቷል። ሁለተኛ ደረጃን የተማረችው እኔ ዘንድ እየኖረች ስለሆነ፣ ከአባቷ ይልቅ የእኔ ልጅ ናት ማለት ይቻላል። ከሥራ ስመለስ ያበጠ እግሬን ለብ ባለ ውኃ የምትነክርልኝ እሷ ነበረች። እንግዲህ ያን ጊዜ ከሁሉ በፊት ደስ ሊለኝ የሚገባ እኔ ነበርሁ። እኔ ግን «ውኃ ላምጣልህ» ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ፣ ብርጭቆው ሞልቶ ሲፈስ እያየሁ ቆምሁ።

እንድሪስ የማያውቀው ነገር ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ «የከድጃ ጨጓራ» እያለ የሚያዝንልኝ ሕመም ጨጓራ አይደለም፤ ጉበቴ ነው። ሥራ ላይ ሳለሁ መርፌ ወግቶኝ በገባ ቫይረስ ጉበቴ ከዓመት ዓመት እየተጎዳ መጥቷል። ይህን የሚያውቀው ባሌ ብቻ ነበር፤ እሱም ይዞት ሄደ።

ደውዬ እንኳን ደስ ያለሽ እንዳላልኋት ሐናን ከአባቷ ቀድማ ልብ አለች። በማግስቱ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ አባቴ ስላለኝ ብቻ አይደለም፤ እኔም እፈልገዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ፣ አካውንቲንግ መግባትም እችላለሁ ግን። አንቺ ዝም ስትዪ ፈራሁ። እውነቱን ንገሪኝ፤ ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?»

«በአንድ ቀን ተነግሮ የሚያልቅ አይደለም» አልኋት።

«እንግዲያው በየቀኑ እመጣለሁ።»

መጣችም። ምዝገባው እስኪደርስ ከሰዓት በኋላ እየመጣች፣ ዝናቡ ፋታ ሲሰጠን ወደ ሐይቁ ዳር ወረድ እያልን የሥራ ዘመኔን ነገርኋት። እዚህ የምጽፈው ያንኑ ለእሷ የነገርኋትን ነው።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ እኔ ራሴ እንዴት እንደወሰንሁ ነበር። የልጅነት ሕልሜ ነበር እንድላት ጠብቃ መሰለኝ፣ መልሴ ቅር አሰኛት። ምክንያቱም አልወሰንሁም። ከነርስ ወገን የማውቃት ትምህርት ቤታችን ለክትባት የመጣች አንዲት ቁጡ ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷን አይቶ ነርስ ልሁን የሚል ልጅ ያለ አይመስለኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ጓደኛዬ ጎንደር ሄዳ ነርስነት ልትማር ስትመዘገብ አብሬ ተመዘገብሁ። ማደሪያና ቀለብ ነበረው። በቃ፣ ይኸው ነው። ጓደኛዬ በመንፈቁ ትታው ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ እኔ ቀረሁ።

ሰፈራችን ግን ብዙ አወራ። አባታችን ደንገል እያሰረ ታንኳ የሚሠራ ሰው ነበርና፣ ሐይቁ ዳር ሥራው ላይ ድረስ እየመጡ «ልጅህ የባዕድ ወንድ ገላ ልታጥብ ነው አሉ» ይሉት ነበር። አባቴ ከሚያስረው ደንገል ቀና ሳይል «የታመመ ሰው ወንድም ሴትም አይደለም፤ የታመመ ነው» አላቸው። ይህን ስነግራት ሐናን ከልቧ ሣቀች። አያቷን በዓይኗ አይታው አታውቅም።

የመጀመሪያ ምድቤ ከይፋግ ወጣ ብሎ ያለ አንድ አነስተኛ ጤና ጣቢያ ነበር። ሩዝ የሚዘራበት ረግረግ ሜዳ ነው፤ ክረምት ግማሹ አገር ውኃ ይሆናል፤ ውኃው ሲጎድል ደግሞ ወባው ይነሣል። እዚያ ነው የሥራ እናቴን፣ ሲስተር የውብዳርን ያገኘኋቸው። አባታቸው ከሐይቁ ዳር አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ መሪጌታ ነበሩ፤ እሳቸውም ሥራ ሲይዙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በግዕዝ አንድ ነገር ያጉተመትማሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ችኮላ የማያውቁ ሴት ነበሩ።

በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት ሁለቱንም እጃቸውን ብብታቸው ሥር ከትተው ያሞቁ ነበር። «በታመመ ሰው ላይ ብርድ አይጨመርበትም» ይላሉ። ክፉ ወሬ ቆመው አይናገሩም፤ ወንበር ከጠፋ መሬት ላይ ይቀመጣሉ እንጂ። ከሁሉ የከበደኝ ግን «አይዞሽ» ማለትን መከልከላቸው ነበር። ምጥ ይዟት የምትጮህን አንዲት ሴት ከበሩ ላይ ቆሜ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ስላት ሰምተው ወደ ጎን ጠሩኝ።

«አይዞሽ ስትያት እጅሽ ምን እየሠራ ነበር?»

«ምንም።»

«እንግዲያው አፍሽንም ተይው። ገብተሽ ወገቧን ያዥላት፣ ላቧን ጥረጊላት። ያኔ ባትናገሪም ትሰማሻለች።»

ያን ዓመት ነው ትርንጎ የምትባል ሕፃን የሞተችብኝ። ሲስተር የውብዳር ለክትባት ወደ ገጠር ወጥተዋል፤ ቀኑ የገበያ ቀን ስለሆነ ግቢው በሰው ሞልቷል። አንዲት እናት ሁለት ዓመት የሚሆናት ሕፃን አዝላ መጣች። ተቅማጥና ትውከት ይዟት ሰንብቷል። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የሆዷን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው እንደተቆነጠጠ ቀረ። በአፏ የሰጠናትን አትውጥም። ሊያተርፋት የሚችለው በደም ሥሯ የሚገባ ፈሳሽ ብቻ ነበር። ግሉኮሱ ነበረ፣ መርፌው ነበረ፣ የጎደለ ነገር አልነበረም። የጠፋው ደም ሥሯ ነው።

ውኃ ያለቀበት ሕፃን ደም ሥር እንደ ክር ይቀጥናል፤ ከዚያ ይሰምጣል። የእጇን ጀርባ ሞከርሁ። ክርኗ ላይ ሞከርሁ። እግሯ ላይ ሞከርሁ። ከግንባሯ በላይ ያለውን ጠጉሯን ላጭቼ እዚያም ሞከርሁ። አንድ ጊዜ መርፌው ውስጥ ደም ብልጭ አለልኝና ነፍሴ መለስ አለች፤ ፈሳሹን ስለቅበት ግን ቆዳዋ አበጠ። መርፌው ደም ሥሩን በስቶ አልፎ ነበር። ልጅቱ መጀመሪያ ስወጋት ታለቅስ ነበር፤ ቆይታ ማልቀሱንም ተወችው።

ራሷን የያዘችልኝ እናቷ ነበረች። «ይብቃት፣ እታለም» አለችኝ። «መሄዷ ካልቀረ ሳትወጋ ትሂድ።»

አልሰማኋትም። እንዲያውም «ጠበቅ አድርገሽ ያዣት!» ብዬ ተቆጣኋት። ትርንጎ የሞተችው እኔ ሌላኛው እግሯ ላይ ተደፍቼ ደም ሥር ስፈልግ ነው። መጀመሪያ ያወቀችው እናቷ ናት። ቀና እስክል ድረስ የልጇን ራስ እንደያዘች ቆየችኝ።

ሲስተር የውብዳር ሲመለሱ እናትየዋ ደጅ ተቀምጣ ዘመድ እስኪደርስላት ትጠብቃለች፤ እኔ መርፌውን እንደጨበጥሁ ቆሜያለሁ። አይዞሽ አላሉኝም። መርፌውን ከእጄ ወሰዱና አስቀመጡት። ከዚያ ሁለቱን እጃቸውን ብብታቸው ሥር ከትተው አሞቁ። ለሞተች ልጅ! ውኃ ለብ አስደረጉና የወጋኋትን ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ እያጠቡ ደሙን ከግንባሯ ጠረጉ። «እናቷ ስትገንዛት ይህን እንዳታይ» አሉ። ጨርሰው ወጡና ከእናትየዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር የራሳቸውን ክንድ ይዘረጉልኝ ጀመር። «ዓይንሽን ጨፍኚ። ደም ሥር በጣት ነው የሚፈለግ» ይሉኛል። ክንዱን ከላይ አስሬ በሌባ ጣቴ ጫፍ እዳስሳለሁ። ጅማት ሲጫኑት ደርቆ ይቆማል፤ ደም ሥር ግን ለስለስ ብሎ ጣትን መልሶ ይገፋል። የገፋኝን ቦታ ሳገኝ «በይ ውጊኝ» ይሉኛል። ክንዳቸው በልዞ ነበር የሚሰነብተው።

ሐናን ይህን ስነግራት እጅጌዋን ሰብስባ የራሷን ክንድ መዳበስ ጀመረች። ዓይኗን ጨፍና ፈለገችና አገኘችው። ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ አስደነገጠኝ።

«ትርንጎ ዛሬ ብትመጣ ታገኚላት ነበር፣ እትዬ?»

«ምናልባት።»

አዎ ብላት ደስ ባለኝ፤ አልቻልሁም።

ቀጥሎ የተመደብሁት ዱርቤቴ ነው። አለቃዬ ከበሽተኛ ይልቅ ሪፖርት የሚወድ ሰው ነበር፤ ክፉ ግን አልነበረም፤ ሴት ልጁ በታመመችበት ሰሞን ከማንኛችንም በላይ ያለቀሰ እሱ ነው። ስለ ደመወዝና ስለ ደረጃ ዕድገት ብዙ የምለው የለኝም፤ ሁለቱም ዘግይተው ይመጡ ነበር። እዚያ መምህር የነበረውን ባሌን አገባሁ። «ደም ሥር ከጠፋችሁ ከድጃን ጥሩ» መባል የተጀመረውም እዚያ ነው። ምሳ ላይም ብሆን፣ ሶላት ላይም ብሆን በሩ ይንኳኳል። እውነቱን ለመናገር ሲጠሩኝ ደስ ይለኝ ነበር። ባገኘሁ ቁጥር ያቺን የይፋግ እናት የማስታግስ ይመስለኝ ነበር፤ እሷ ግን ይህን አታውቅም፤ ያለችበትንም አላውቅም።

ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ስዛወር ሲስተር የውብዳር ጡረታ ወጥተው ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። ልጠይቃቸው ሄጄ እጄን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ጥቂት ከዳበሱት በኋላ «ደኅና ነው፤ ይሞቃል» አሉ። ከዚያ ወዲያ በሕይወት አላየኋቸውም።

ሆስፒታሉ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል ተመደብሁ። መርፌው የወጋኝ እዚያ ነው። አንድ ወጣት ታሞ ራሱን ሳያውቅ ይወራጫል፤ ሁለት ነርሶች ሞክረው ስላቃታቸው እኔን ጠሩኝ። ጣቴ ቶሎ አገኘው። ቀጭኑን ፕላስቲክ ደም ሥሩ ውስጥ ትቼ መርፌውን ሳወጣ ልጁ በጉልበቱ መታኝና መርፌው መዳፌ ላይ ተሰካ። ጓንቴ ውስጥ ደም ሲሞቀኝ ታወቀኝ። ሥራዬን ጨርሼ፣ ፕላስተሩን ለጥፌ፣ ከዚያ ነው ሄጄ የታጠብሁት። ጓደኞቼ «ምንም አይልሽም» አሉኝ። ለእኛ ለሠራተኞች የጉበት ክትባት ያን ጊዜ ገና አልመጣም ነበር። ልጁ ዳነ፤ እናቱ ማር ይዛልኝ መጣች። የእኔ ምርመራ ውጤት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ባሌን አስመረመርሁት፤ ደኅና ሆኖ ተገኘ። ለሌላ ሰው ግን አልተናገርሁም። በሽታው በምግብ እንደማይተላለፍ እኔ አውቃለሁ፤ የእንድሪስ ቤት ሰው ግን ሰሐኔን ለይቶ ሲያስቀምጥ በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝ። ሥራዬንም እንዳያስቀሩኝ ፈራሁ። እናም ጨጓራ አልሁት።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ከሁሉ የከፉ ነበሩ። መንገድ ሲዘጋ ከዱርቤቴ በኩል የሚላኩ በሽተኞች በሰው ሸክም ይመጣሉ፤ የሚደርሱት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። መድኃኒት ይጠፋል። አስታማሚው በእኛ ላይ ይጮኻል፤ አይፈረድበትም። ወጣት ነርሶች መድኃኒት ክፍል ውስጥ ገብተው ሲያለቅሱ አገኛቸው ነበር። ሌሎች ደግሞ ተምረው ጨርሰው ሥራ አጥተው ቤት ተቀምጠዋል። ይህንንም ለሐናን አልደበቅሁም። እያዳመጠች ራሷን ትነቀንቃለች፤ ነገር ግን ሐሳቧን የሚለውጥ አልሆነም። «ሰው የሚያስፈልገው እንዲህ ሲሆን አይደለም እንዴ?» ብቻ አለችኝ።

ምዝገባው ሲቃረብ የቀረውን ነገርኋት። ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነበር። ስለ መርፌው፣ ስለ ጉበቴ፣ ጨጓራ ስላልሁት ሁሉ ነገርኋት። ሐናን አላለቀሰችም። ዓይኔን ወደ ብርሃን አዙራ ነጩን ክፍል አየችው፤ ቢጫ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያስተዋለችው።

«ሐኪም ያይሻል?»

«ያየኛል።»

«እኔ ብገባ ክትባቱን ይሰጡኛል?»

«ዛሬ ለተማሪዎች ይሰጣል።»

«አባቴ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ንገሪው፣ እትዬ። እኔ አባቴ ፊት ቁጭ ብዬ ጨጓራ ነው ማለት አልችልም።»

እውነቷን ነበር። በሚቀጥለው ጁምዓ እንድሪስን ጠራሁትና ቁጭ ብዬ ነገርሁት። የፈራሁትን አላደረገም፤ ነግሬው እስክጨርስ ከአጠገቤ አልሸሸም። ተነሥቶ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደ፤ ከመስኮት ሳየው ውኃው ዳር ብቻውን ቆሟል። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ሐናን በሩ ላይ ነበረች።

«አትገቢም» አላት።

«አባ፣ አሁን ክትባት አለ። በእትዬ ጊዜ አልነበረም እኮ…»

«ክትባቱ አንዱን በሽታ ይከለክል ይሆናል። ሌላውንስ? እህቴን ነገ ልቀብር ነው፤ ልጄን በገዛ እጄ አልሰጥም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ንገሪያት። ትግባ ብትይ እኔ አፌን እዘጋለሁ።»

ሐናን ወደ እኔ ዞረች። ክረምቱን ሙሉ ስትጠይቀኝ የከረመችው ይኸንኑ ነበር። ግቢ ብላት አባቷን መቃብሬ ላይ ቆሞ ልጁን ሲያስብ አየሁት። አትግቢ ብላት ደግሞ ዓይኗን ጨፍና ክንዷን ስትዳብስ ያየሁት ፊቷ ታየኝ። የትርንጎን እናት አሰብሁ፤ ሲስተር የውብዳርን አሰብሁ። እሳቸው ቢሆኑ ይመልሱ ነበር፤ መጀመሪያ ይቀመጡና ይመልሱ ነበር።

«አላውቅም» አልሁ።

ሐናን ጠበቀችኝ። የምጨምረው እንደሌለኝ ስታይ ወደ አባቷ ዞራ «እሺ» አለችው። አልተከራከረችም፣ አልጮኸችም። በማግስቱ ወደ ፔዳ ሄዳ አካውንቲንግ ተመዘገበች። የዚያን ሰሞን ደኅና እንቅልፍ ተኛሁ፤ መተኛቴ ግን አሳፈረኝ።

ዘንድሮ ሆዴ ውኃ ቋጠረና ሆስፒታል ተኛሁ። አንዳንዶቹን ነርሶች ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ፤ እየመጡ እጄን ይስሙ ነበር። ያስታመመችኝ ሐናን ናት። ከክፍል ስትወጣ በቀጥታ ትመጣለች። አልጋ ላይ የተኛ ሰው እንዴት እንደሚገላበጥ ማንም አላሳያትም፤ ግን አንሶላውን ከሥሬ ጠቅልላ፣ አንድ እጇን ትከሻዬ ላይ አንዱን ዳሌዬ ላይ አድርጋ ሳታሳምመኝ ታዞረኛለች። ከንፈሬ ሲደርቅ ሳልጠይቅ ታርሰዋለች። እግሬን ስትጫነው ጎድጎድ ብሎ ከቀረ ለተረኛዋ ትነግራለች። ከማዶ ያለች አስታማሚ የሌላት አሮጊትም ቀስ በቀስ እሷን መጥራት ጀመረች፤ ሐናን እኔን ጨርሳ ወደ እሷ ትሄዳለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት አዲስ ተረኛ ነርስ ገብታ ቆማ ስታያት ቆየች። ሐናን አሮጊቷን ቀና አድርጋ ትራሱን እያስተካከለችላት ነበር።

«የነርስነት ተማሪ ነሽ አይደል?» አለቻት ነርሷ። «ስንተኛ ዓመት ነሽ? እዚህ የተመደባችሁ ተማሪዎች መኖራችሁን አልነገሩኝም።»

«አካውንቲንግ ነው የምማረው» አለቻት ሐናን።

ነርሷ ግራ ገባት። «ውይ፣ ይቅርታ። መስሎኝ ነው» ብላ ወደ ሌላው አልጋ አለፈች።

ሐናን ትራሱን ጨርሳ ወደ እኔ ተመለሰች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ፎጣውን ውኃ ውስጥ ነክራ ጨመቀችና «ዙሪልኝ እትዬ፣ ጀርባሽን ልጥረግልሽ» አለችኝ።

ወደ ግድግዳው ዞርሁላት። ፊቴን ስለማታየው ደስ አለኝ።